ከሐይቁ ላይ የጠየቅሁት ስም

ዱርቤቴ፣ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ

ኤንትሬዋ የጭነት መኪና ኑግ ጭና ከገበያው ዳር ሞተሯን አስነሥታለች። ከሾፌሩ ጎን ተቀምጫለሁ፤ ጭኔ ላይ የመገበሪያ ስንዴ የያዘች ከረጢትና አንድ እስር ጧፍ አለ። ቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ ከቀበሌ የተሰጠኝ የይለፍ ወረቀት፤ የሚያገለግለው ለዛሬ ብቻ ነው።

የምሄደው የአያቴን የክርስትና ስም ፍለጋ ነው። ነገ ሙት ዓመታቸው ነው። ጠላው ተጠምቆ፣ ዘመድ ተጠርቶ ካበቃ በኋላ፣ ትናንት ቄሱ አባቴን፣ «ለመሆኑ በጸሎት የማነሣቸው ማን ብዬ ነው?» አሉት። አገር ሁሉ አያ እሸቴ ይላቸዋል፤ የተጠመቁበትን ስም የሚያውቅ ግን በቤታችን የለም። ታውቅ የነበረችው ልጃቸው፣ እናቴ፣ ቀድማቸው ሞታለች። የነፍስ አባታቸውም እንዲሁ።

«እሸቴን ለቀበሌው ንገሩት» አሉ ቄሱ፤ «ለእኔ የተጠመቁበትን አምጡልኝ።»

አያቴ ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ጣና ላይ ካለ ገዳም ገብተው መነኮሱ። እዚያው ዐረፉ፤ እዚያው ተቀበሩ። ደሴቱን ሴት አትረግጠውም። አባቴ እግሩን ታሟል፤ ወንድሜ ብሔራዊ ውትድርና ላይ ነው። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ የኋላ ወንበር ያሉት ተማሪዎቼ በየቀኑ «አልተሰማም፣ መምህርት» የሚሉኝ።

መርዓዊ

ሾፌሩ ሻይ ሊጠጣ አቆመ። አቧራ የለበሱ በሬዎች ወደ ገበያ ይነዳሉ። ሴቶች በቅል ወተት ይዘው መንገድ ዳር ተቀምጠዋል። ሾፌሩ ትኩስ ዳቦ ገዝቶ ግማሹን ሰጠኝ።

«ለገዳም ነው ስንዴው? እነሱ እኮ ሴት አያስገቡም።»

«አውቃለሁ። ከውኃው ላይ ሆኜ እጠይቃለሁ።»

«በዚህ ድምፅ?» ሳቀ። ፊቴን ወደ በሬዎቹ ሳዞር፣ «አትቀየሚኝ፣ እቴ» ብሎ ሻይዬን እሱ ከፈለ።

ባሕር ዳር፣ ረፋድ ላይ

ኬላው ላይ ወታደሩ ወረቀቴን ገልብጦ አየው።

«የቤተሰብ ጉዳይ ይላል። ምን ዓይነት ጉዳይ ነው፣ ጓዲት?»

የመንግሥት መምህርት ነኝ፤ ተዝካር ማለቱን ፈራሁ። «አያቴን ልጠይቅ» አልሁት።

«ስማቸው?»

«እሸቴ።» ስናገረው ራሱ ጎደለብኝ።

«ሰዓት እላፊ እንዳይደርስብሽ።»

ከተማው ውስጥ ዘንባባዎቹ አድገዋል። ከፋብሪካው የወጡ ሠራተኞች በብስክሌት ያልፋሉ፤ ከራሳቸው በላይ ቀይ ጨርቅ ላይ የተጻፈ መፈክር ይወዛወዛል። ሐይቁ ዳር የደንገል ታንኳዎች ዛፍ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። የእርጥብ ደንገል ሽታ አያቴን አመጣብኝ።

እስኪመነኩሱ ድረስ ታንኳ ሠሪ ነበሩ። ደንገል ሲቆርጡ ማጭድ የግራ እጃቸውን ትንሿን ጣት ወስዶባቸዋል። ታንኳ ውኃ እየጠጣች ትከብዳለች፤ ጥቂት ወራት ካገለገለች በኋላ ትበሰብሳለች። ለሚበሰብስ ነገር ያን ያህል መጨነቃቸው ይገርመኝ ነበር። በሥራ ላይ ሳሉ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይደግማሉ። ከተሳሳቱ ጸሎቱን ከመጀመሪያው ይጀምራሉ፤ ሲሳሳቱ ያሰሩትንም ቋጠሮ አብረው ይፈቱታል።

ባለታንኳ ከሩቅ መጥራት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እጅን አፍ ላይ ደግኖ፣ ከሆድ ተንፍሶ። ስሞክር፣ «አንቺን የሰማ ዓሣው ብቻ ነው» እያሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ይስቃሉ።

ሐይቁ ላይ

የወሰዱኝ ባለታንኳ አያ ዳኘው ይባላሉ። ውኃው በደንገሉ መሐል እየሰረገ ቀሚሴን አራሰው። ደሴቱ ሲቃረብ መቅዘፋቸውን አቆሙ።

«ሴት ይዤ ዳር አልነካም። ከዚህ እንጣራ።»

ተጣሩ። ቆይቶ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ መቋሚያቸውን ይዘው ከዛፎቹ ሥር ወጡ።

«አያ እሸቴ የሚባሉት መነኩሴ የልጅ ልጅ ነች፣ አባ። አምና ያረፉት።»

«እሸቴ የሚባል እዚህ ኖሮ አያውቅም።»

መነኩሴው ፊታቸውን ሊያዞሩ ነው።

«እኔ ሰውየውን አላውቃቸው» አሉኝ አያ ዳኘው። «አንቺው ንገሪያቸው።»

ታንኳዋ ላይ ተንበረከክሁ። እጄን ደገንሁ፤ ከሆዴ ተነፈስሁ።

«ታንኳ ይሠሩ ነበር! ከግራ እጃቸው ትንሿ ጣት የለችም! ሲስቁ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ! ጸሎት ሲሳሳቱ ቋጠሮ ይፈታሉ!»

መነኩሴው ዞሩ።

«ቋጠሮ የሚፈቱት? እሳቸውማ አባ ኪዳነ ማርያም ናቸው፤ እዚህ የምንጠራው በክርስትና ስም ነው።»

ስሙን በከንፈሬ ደገምሁት። መነኩሴው ልብሳቸውን ሰብስበው ወደ ውኃው ገቡ፤ እስከ ጉልበታቸው ሲደርስ ቆሙ። አያ ዳኘው ጥቂት አስጠጉኝ።

«ድምፀ ቀጭኗ አንቺ ነሽ?»

«እሳቸው ነገሩዎት?»

«ሴቶች ስለት ይዘው ይመጣሉ፤ ከዚያ ማዶ ሲናገሩ የአንዳንዶቹ አይሰማም። እኛ ሰለቸን ብለን እንመለሳለን። እሳቸው ግን እዚህ፣ እኔ የቆምሁበት ድረስ ገብተው ያዳምጧቸው ነበር። ‹ድምፀ ቀጭን ልጅ አለችኝ፤ ከመጣች ሳትሰማ እንዳትመለስ› ይሉናል። ክረምትም ቢሆን ይገባሉ።»

ሴት አትረግጠውም ከተባለ መንገዱ እዚያው ያለቀ መስሎኝ፣ በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን እንኳ ወደዚህ ውኃ አልመጣሁም። ስንዴውንና ጧፉን ዘርግቼ ሰጠኋቸው። ተቀብለው፣ «ዛሬ ተሰማሽ» አሉኝ።

ዱርቤቴ፣ ማታ

ከባሕር ዳር በተመለሰ የጭነት መኪና፣ ከላይ፣ በጆንያ መሐል ተቀምጬ ደረስሁ። ቀሚሴ መንገድ ላይ ደርቋል፤ የሐይቁ ሽታ ግን አለቀቀውም። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል። ቄሱ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል፤ አባቴ በዱላው ተደግፎ ቆሟል።

«አገኘሽው?» አሉ ቄሱ።

«ኪዳነ ማርያም።»

ከጓሮ ጠላ የሚያጠልሉት ሴቶች ቀና ብለው አዩኝ። ቄሱ ስሙን ለብቻቸው አንዴ አሉትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እስቲ ድገሚልኝ» አለ አባቴ።

ሰምቶት ነበር። ደገምሁለት።