ከሮም ፍራንክፈርት፦ ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ

የምሠራው እዚህ ሚኒያፖሊስ ኤርፖርት ነው፤ መራመድ የሚያቅታቸውን መንገደኞች በዊልቸር እስከ አውሮፕላኑ በር እገፋለሁ። ባለፈው ዓመት ከሥራ ዕረፍት ላይ ሳለሁ ፍራንክፈርት የምትኖረው ታላቅ እህቴ ደወለች። ድምፅዋ ከሻከረ ወራት ሆኖት ነበር።

«ጉሮሮዬ ውስጥ ያገኙት ካንሰር ነው» አለችኝ። «በሦስት ሳምንት ውስጥ ኦፕራሲዮን ያደርጉኛል። ከዚያ በኋላ መናገር አልችልም።»

ማልቀስ ስጀምር ተቆጣች። «አታልቅሺ! ይልቅ ያንን ልጅ አምጪልኝ። ፊቱን እያየሁ በአፌ ላናግረው።»

«ያ ልጅ» የምትለው ታናሽ ወንድማችንን ነው። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ግን እናታችን ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። ከተያዩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። በባሕር ጣሊያን ገብቶ፣ ሮም ተቀምጦ የጥገኝነት ውሳኔ ይጠብቅ ነበር።

ስልኬ ላይ ርቀቱን ፈለግሁ። ከሮም ፍራንክፈርት አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በረራው ሁለት ሰዓት አይፈጅም። ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል ብዬ ደስ አለኝ። እንዴት ያለሁ ሞኝ ነበርኩ!

«የያዝኩት ወረቀት ከጣሊያን አያስወጣም» አለኝ ስደውልለት።

ልዩ ፈቃድ ሊጠይቅ ቢሮ ሄደ። የሆስፒታል ደብዳቤ አምጣ አሉት፤ አመጣ። ጀርመንኛ ነው፣ አስተርጉመው አሉት፤ አስተረጎመ። ተርጓሚው ማኅተም የለውም ተባለ። ማኅተም ያለው ፈልጎ ሲመለስ ቀጠሮው ለሚቀጥለው ወር ሆነ። «ኦፕራሲዮኑ እኮ ሐሙስ ነው!» ቢላት፣ ከመስታወቱ ኋላ ያለችው ሴት «ሌላ ዘመድ የላትም እንዴ?» አለችው። ይህን ሲነግረኝ ደሜ ፈላ። ዘመድማ አላት፤ የፈለገችው ግን እሱን ነው!

እኔ በአሜሪካ ፓስፖርቴ ውቅያኖስ አቋርጬ ደረስኩ። የፍራንክፈርቱ ፖሊስ ፊቴን በቅጡ እንኳ ሳያይ አሳለፈኝ። «እንኳን ደህና መጣሽ» ሲለኝ ከንዴቴ ብዛት አልመለስኩለትም።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት በነበረው ቀን ስልኩን ያዝኩላትና በቪዲዮ አወሩ። መስመሩ ይቆራረጣል።

«ምን አልሽ እትዬ? አልሰማሁሽም፣ ድገሚልኝ» ይላል እሱ።

ጉሮሮዋን እየያዘች ትደግምለታለች። የቀራትን ጥቂት ድምፅ በመድገም ጨረሰችው።

ፈቃዱ የመጣው ከአራት ወር በኋላ ነው። ያን ጊዜ እኔ ወደ ሥራዬ ተመልሼ ነበር። ከእሷ ቤት ሆኖ ደወለልኝ።

«አቅፋኝ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም» አለኝ። «ከዚያ ደብተር አምጥታ ‹ከስተሃል፣ ብላ› ብላ ጻፈችልኝ።»

የፈቀዱለት አሥር ቀን ብቻ ነበር። አሁን ሮም ሆኖ ይደውልላታል፤ እሱ ያወራል፣ እሷ መስማቷን ለማሳወቅ ስልኩን በጣቷ መታ መታ ታደርጋለች። ሁለቱ ለምደውታል። እኔን ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።