«ቁሚ» የምትለው ቃል

አንድ ድምፅ መንገድ ላይ ቀጥ አድርጎ አቁሟችሁ ያውቃል? እኔን ባለፈው ሳምንት ያቭነ ከተማ ውስጥ አንድ ጫማ ቤት በር ላይ አቆመኝ። አንዲት እናት ለልጇ ጫማ ስትለካ ተለጣፊውን ማሰሪያ «ትርርር» አድርጋ አላቀቀችው። ወዲያው ድሮ ጌዴራ ከተማ የሠራሁበት ክፍል የጎማ ምንጣፍ ሸተተኝ።

መምህርነት የጀመርሁት እዚያ ነው፤ እጅና እግራቸው አልታዘዝ ያላቸው ሕፃናት እየተጫወቱ ሰውነታቸውን የሚያለማምዱበት መዋዕለ ሕፃናት። ጠዋት ጠዋት ከምኖርበት ከቂርያት ማላኪ በአውቶቡስ እሄድ ነበር። ከልጆቹ አንዷ የእኛው ሰፈር ልጅ ነበረች፤ ቤቷ የሚነገረው አማርኛ ነው። ሕመሟ ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያደክም ነው። እንዲህ ያለውን ሕመም ልምምድ አያድነውም፤ ያዘገየዋል እንጂ። እናቷ ይህን ታውቃለች። አትክልት ማሸጊያ ፋብሪካ ውላ፣ እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ ትመጣና፣ «እግሯ ሳይከዳት አንዴ፣ አንዴ ብቻ በራሷ ቆማ ልያት» ትለኝ ነበር።

ልጅቷ ግን አልቆም አለች። የምታለማምዳት ባለሙያ፣ ጸጉሯ የሸበተ ደግ ሴት፣ የእግር ድጋፉን በተለጣፊ ማሰሪያው ታስርላትና «ያላ፣ ኩሚ!» ትላታለች። ያላ «በይ እንጂ» ነው፤ ኩሚ ደግሞ በዕብራይስጥ ተነሺ ማለት ነው። ልጅቷ የመለማመጃውን ብረት ይዛ እስከ ግማሽ ድረስ ትነሣለች፤ «ኩሚ!» ስትባል እዚያው ድርቅ ትላለች። ከዚያ ቁጭ። እንዲህ እያለ ጊዜው ሄደ፣ እግሮቿም ቀጠኑ። ባለሙያዋ «አትፈልግም» ማለት ጀመረች፤ ልምምዱ ቀርቶ በተሽከርካሪ ወንበር ብቻ ትሁን የሚል ወሬም መጣ።

አንድ ቀን እናቷ ልትወስዳት መጥታ ስናወራ፣ ልጅቷ እየዳኸች ወደ ደረጃው አመራች።

«ቁሚ!» ብላ ጮኸች እናቷ።

ልጅቷ ድርቅ አለች፤ ልክ ብረቱ ላይ እንደምትደርቀው።

«እትዬ፣ ቤትም እንዲህ ነው የሚሏት?» አልኋት።

«ታዲያ ምን ልበላት? ፎቅ ላይ ነን። ተንከባላ ብትወድቅብኝ አንቺ ታነሽልኛለሽ?»

ለትንሽ ልጅ ጆሮ ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸው። ትርጉማቸው ግን ይጣላል፤ የዕብራይስጡ ተነሺ ሲላት የእናቷ ደግሞ ባለሽበት ቅሪ ይላታል። ልጅቷ እንቢ ብላ አታውቅም። የታዘዘችውን ነበር የምታደርገው።

በማግስቱ እናቷን ከሥራ አስፈቅዳ እንድትመጣ ነገርኋት፤ ባለሙያዋንም አንዲት የአማርኛ ቃል አስጠናኋት።

«ቴናሺ!» አለች ባለሙያዋ።

ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች። «ቴናሺ አይባልም! ተነሺ ነው!»

እየሳቀች ተነሣች። እየሳቀች ብረቱን ለቀቀች። ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል፤ የመስኮቱ ፀሐይ ድጋፉ ላይ ይብለጨለጫል። እናቷ እልል አላለችም። የሥራ ቆቧን አውልቃ አፏን ሸፈነችበት።

ያን በጋ ቆመች። ዝናብ ሲገባ እግሮቿ ከዷት፤ ቀጥሎ እጆቿ። ቤተሰቡ ወደ ያቭነ ተዛውሮ ስለነበር ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት እዚያ፣ አልጋዋ ላይ ነው። አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ግንባሯን ስሜ በር ላይ ደረስሁ።

«ቁሚ» አለችኝ ከኋላዬ።

ቆምሁ። የምትነግረኝ ነገር አልነበራትም፤ እንዳልሄድ ብቻ ነው። ውጭ አውቶቡሱ ሲያልፍ ሰማሁት። እንቅልፍ እስኪወስዳት እዚያው ቆየሁ። ፋሲካ ሳይደርስ ቤተሰቧ ሐዘን ተቀመጠ።

«ከዚያ ሥራ ምን አተረፍሽ?» የሚሉኝ አሉ። ባለሙያዋ ዛሬም ሌሎችን ልጆች «ቴናሺ» እያለች ታስቃለች አሉ፤ እኔ ደግሞ አንድ ቀን ቁሚ ተብያለሁ።

እስኪ እናንተም ሞክሩት። የታመመ ልጅ ጠይቃችሁ ስትወጡ፣ በሩ ላይ ስትደርሱ፣ ማንም ባይጠራችሁም ትንሽ ቁሙ።