ጭቃ የተከለከለበት ግድግዳ

ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት። ሽማግሌዎቻችን «ጌጡ፣ አጠር አድርገው፣ ደግሞም ረጋ በል» ብለውኛል። ለማሳጠር እሞክራለሁ። ረጋ ማለቱን ግን አልቻልኩበትም። ጌታ ብዙ ነገር ለውጦልኛል፤ ንዴቴን ግን እስካሁን አልወሰደውም። ለሥራ ፈልጎት ይሆናል። ስሙ ይባረክ! አሜን በሉ እንጂ!

ለማታውቁኝ፣ ለሳኝ ነኝ። ጀጎል ግንብ ውስጥ ረመዳን ሲቃረብ ቤቱን የማያሳድስ የለም። መደቡን በቀይ አፈር፣ ግድግዳውን በኖራ አሳምራለሁ። እጄን የሚያውቁ እናቶች «ጌጡ ካልመጣ አይነካም» ይላሉ። እንግዲህ ይኼ የሰው ግድግዳ ሲያሳምር የሚውል ሰው፣ ስድስት ክረምት ግድግዳ በሌለው ቤት ኖረ። ስድስት ክረምት!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባለቤቴ ከአሰለፈች ጋር ፈላና በር አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። የመሬቱ ጌታ፣ ስሙን አልጠራም፣ «መጋዘን ልሠራ ነው» ብሎ አሥራ ሁለት አባወራ ውጡ አለን። የት እንሂድ? ከገጠር የሚገባው ሰው በየቀኑ ነው፤ ጀጎል ውስጥ በአንድ ክፍል ሦስት ቤተሰብ ተደራርቧል። ከስሰን ዳኛ ፊት ቆምን። ዳኛው «ሜዳ ላይ አትጣላቸው» አሉት። እሱም ኤረር በር በኩል ባለው ቦታው ላይ አሥራ ሁለት ጎጆ አቆመ። ጣሪያው አሮጌ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው የባሕር ዛፍ እንጨት ብቻ። «ለጊዜው ነው፤ ቢበዛ ለሁለት ወር» አለን። ከዚያ ዘበኛውን ጠርቶ እኛው ፊት አዘዘው፤ «ጭቃ የለጠፈ ዕለቱኑ ይባረር።»

ገባችሁ? ጭቃ ከተለጠፈበት ቤት ሆነ ማለት ነው። ቤት ከሆነ ደግሞ ሰው ይከርምበታል፣ ነገ የእኔ ነው ይላል። እንጨቱ እርቃኑን ከቆመ ግን ጊዜያዊ ነው፤ የሚኖርበትም ሰው ጊዜያዊ ነው። በየእንጨቱ መሀል ጆንያ ወተፍን። ዘበኛው በየሳምንቱ እየዞረ ግድግዳችንን በዱላው ይወጋል። ዱላው ዘልቆ ከገባ «ደህና» ብሎ ያልፋል። ነፋስ ሲያስገባ ነው ደህና!

ሁለት ወሩ ዓመት ሆነ፣ ዓመቱም ስድስት ሆነ። መጋዘኑ እስከ ዛሬ አልተሠራም፤ እኛን ያፈናቀለበት ቦታ ላይ ፍየል ይግጥበታል። ሂዱና እዩት!

ልጃችን የሺ እዚያው ጎጆ ውስጥ ተወለደች። አራት ዓመት ሲሆናት አንድ ቀን ጀጎል ወደምሠራበት ቤት ይዣት ሄድኩ። ትንሿን እጇን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ቆየችና «አባዬ፣ ነፋሱ የት ሄደ?» አለችኝ። ይኼን የጠየቀችው ለሳኝ አባቷን ነው!

በዚያው ክረምት ደረቷ ታመመ። ስትተኛ ሲር ሲር ይላል፣ ስታስል ከንፈሯ ይጠቁራል። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ የት እንደምንኖር ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «መድኃኒት እሰጥሃለሁ» አለኝ፤ «ነፋሱን ግን እኔ አላክመውም። ወደዚያ ጎጆ መልሰህ ካስገባሃት ሌላ ክረምት አትደርስም።»

ወንድሞች፣ ያን ጊዜ እንዴት ያለ ሰው እንደነበርኩ አልደብቅም። ክርስቲያን ነኝ እላለሁ፤ አረቄ ቤቱን ግን ከመቅደሱ በላይ አውቀዋለሁ። እግዚአብሔርን እሰድበው ነበር። የመሬቱን ጌታ ደግሞ ፊት ለፊቱ እጅ እየነሳሁ፣ በዞረበት እረግመው ነበር። ፈሪ ነበርኩ እንጂ ትዕግሥተኛ አልነበርኩም።

ልጄን ታቅፌ ስመለስ ጋሽ ደምሴን አገኘኋቸው። ኤረር በር አጠገብ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ልብስ የሚሰፉት፣ ዛሬ እዚህ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር «ጌጡ፣ ጌታ ይወድሃል» ይሉኛል፤ እኔም አፌ ላይ የመጣውን መልሼላቸው አልፋለሁ። ያን ቀን የልጄን ትንፋሽ ሰምተው ተነሡ። «ስጠኝ፣ ልጸልይላት» አሉ።

ደሜ ፈላ! «ጋሽ ደምሴ፣ ጸሎትዎን ለራስዎ ያድርጉት! እኔ የሚያስፈልገኝ ጭቃ ነው! እግዚአብሔርዎ ጭቃ አያውቅም? አዳምን ከምን ሠራው?» ብዬ ጮህኩባቸው። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየናል።

እሳቸው ግን «እውነትህን ነው» አሉኝ። «እስከ ዛሬ የሚያስፈልግህን ሳልጠይቅህ እጸልይልህ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ።»

መጡ! ክብር ለጌታ ይሁን! ስድስት ወንድሞች አስከትለው መጡ። ጎረቤታችን ኦቦ አህመዶ ከገጠር ጭድ እያመጡ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ገበሬው ለጎረቤቱ ሥራ አብሮ ሲወጣ ጉዛ ይለዋል፤ እሳቸውም አህያቸውን እየነዱ ደረሱ። «አቦ፣ ጉዛ አለ ብላችሁ አትጠሩኝም? ጭዱ ከእኔ ነው፣ ወላሂ! ኢንሻ አላህ ልጅቷ ትድናለች» አሉ። ጋሽ ደምሴ ጭቃ ረግጠው አያውቁም። ሱሪያቸውን ጠቅልለው ሲገቡበት እግራቸው ተይዞ ቀረ፤ አሰለፈች በስንት ጊዜዋ ሳቀች። እነሱ ያቦኩታል፣ እኔ እለጥፋለሁ። እንደዚያ ቀን ለስኜ አላውቅም።

እኩለ ቀን ላይ ዘበኛው የመሬቱን ጌታ አስከትሎ መጣ። ሰውየው ግድግዳውን አየና «ማነው የለጠፈው?» አለ።

ወንድሞች፣ እኔ ምን አደረግሁ? እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ። ለልጄ ሲሉ ከመጡት ሰዎች መሀል ቆሜ፣ ጭቃ የነካ እጄን እንደ ሌባ ደበቅሁ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«አንተ ልብስ ሰፊ? ይኼን የመሰለ ልስን?»

«ጥፋቱን በእኔ ስም አስጽፈው።»

ፖሊስ ተጠርቶ ጋሽ ደምሴን ወሰዳቸው። ሦስት ቀን ታሰሩ፤ ጥፋቱ በእሳቸው ስም ተጽፏልና እኔ አልተባረርኩም። እኔ ሦስቱን ቀን ያን ግድግዳ ሲደርቅ እያየሁ ተቀመጥኩ። አረቄው አልወርድ አለኝ። የእኔ እጅ የሠራውን፣ ምንም ያልሠራ ሰው ተቀበለልኝ! ቀደም ብዬ ስለ መስቀሉ ስንቴ ሰምቻለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ጊዜ ነው፣ ጭቃ ፊት ተቀምጬ። አለቀስኩ። «ጌታ ሆይ፣ አንተም እንዲህ ነው ያደረግኸው?» አልኩት። እንዲህ ነው ያደረገው! ሃሌ ሉያ!

በሦስተኛው ቀን ዳኛ ፊት ሄጄ «የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ሰውየውን ልቀቁ» አልኩ። ስድስቱም ወንድሞች «እኛም ነን» አሉ። ኦቦ አህመዶ ከኋላ «ጭዱ የእኔ ነው!» ብለው ጮሁ። ዳኛው መዝገቡን አዩ፣ እኛን አዩ፤ ግራ ገባቸው። ጋሽ ደምሴን ለቀቁና «ነገሩ ተጣርቶ እስኪወሰን ግድግዳው ለጊዜው እንዳይነካ» ብለው አዘዙ። ለጊዜው! ስድስት ዓመት ያቃጠለኝን ቃል ጌታ ለእኔ አዞረው። ይኸው ሁለተኛ ክረምት ሆነ፣ ነገሩ ገና እየተጣራ ነው!

የሺ ዳነች። ሐኪሙ ደረቷን ደጋግሞ አዳመጠና «ከመድኃኒቱ ሌላ ምን ሰጠሃት?» አለኝ። «ጭቃ» አልኩት። ያቻትላችሁ፣ እናቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣለች። ጌታ ይመስገን!

አሁን ለምን እንደተናደድኩ ልንገራችሁ። እናንተ «ጌጡ ቤት አገኘ» ብላችሁ እልል አላችሁ፣ ወደ ቤታችሁም ገባችሁ። አሥራ አንዱ ጎጆ ግን እስከ ዛሬ እርቃኑን ነው! ከእኔ በሦስተኛው ጎጆ የእታለም አራስ ልጅ ዛሬ ጠዋት ሲር ሲር ሲል ሰማሁት። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። «ጌታ ያውቃል» እንዳትሉኝ። ጌታማ ያውቃል፤ እናንተም ይኸው አሁን አወቃችሁ።

ጌታን ያላመናችሁ ካላችሁ፣ እመኑት፤ በእናንተ ፋንታ ቆሟል፣ አያሳፍራችሁም። ያመናችሁ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ሱሪያችሁን ጠቅልላችሁ ኤረር በር ኑ። ኦቦ አህመዶ ጭዱን ጭነዋል። የመሬቱ ጌታም መምጣቱ አይቀርም፤ «ማነው የለጠፈው?» ማለቱም አይቀርም። ይኼን እጄን እዩት። ዘንድሮ አልደብቀውም።