በክርስትና ድግስ ላይ ምሳ ዕቃ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሀበሻ ቀሚስ እጠልፋለሁ። የምኖረው በዐይኔና በጣቴ ነው። ባል የለኝም፤ የቀረችኝ የቅርብ ዘመድ አንዲት ታላቅ እህቴ ናት፣ እሷም ሮብ ገበያ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው የምትኖረው። ስለዚህ የዐይን ሐኪሙ «ስኳርሽ ዐይንሽን መንካት ጀምሯል፤ ካልተቆጣጠርሽው የማየትሽ ነገር ያሰጋኛል» ሲለኝ፣ ከወንበሩ ሳልነሳ ነው የቆረጥኩት። ብዪ የተባልኩትን እበላለሁ፣ ተዪ የተባልኩትን እተዋለሁ፣ በየቀኑ እራመዳለሁ። በቃ፣ አለቀ። ስኳር እንዳለብኝ ለጠየቀኝ ሁሉ ተናገርኩ። የዐይኔን ነገር ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ጠላፊዋ ዐይኗን አሟታል ከተባለ ማን ጨርቁን ይሰጠኛል?

ስኳር አለብኝ ማለት ለካስ «ኑ ምከሩኝ» ብሎ ማወጅ ኖሯል! ቀሚስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ እኔኑ ከላይ እስከ ታች ለክታኝ «ውይ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ? ቅንጬ ነገር በቅቤ አድርገሽ ብዪ እንጂ» ትላለች። እሷ ወጥታ ሳትጨርስ የምትገባው ደግሞ «አንቺማ ተመችቶሻል፣ ትንሽ እንኳ ብትሮጪ ምን አለ?» ትለኛለች። ሰውነቴ ያው ነው፣ ጠዋቱም ያው ጠዋት ነው። ለሁለቱም «እሺ» እላለሁ፤ ከዚያ ሐኪሙ ያለኝን አደርጋለሁ።

አብሮ አደጌ ግን በእሺ የምትመለስ ሴት አይደለችም። ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና ቲክቶክ ታሳየኛለች፤ ሎሚ በሙቅ ውሃ፣ አብሽ በባዶ ሆድ፣ የሽፈራው ቅጠል። አንድ ቀን ጭራሽ «ያንን ክኒን ተዪው፣ ኬሚካል ነው» አለችኝ። ደሜ ፈላ። «ስሚ፣ ሎሚውን ለአንቺ ስል እጠጣልሻለሁ። መድኃኒቴን የሚያስጥለኝ ሰው ግን ገና አልተወለደም» አልኳት። አኩርፋ በሩን ደርግማው ሄደች። በማግሥቱ አብሽ አስፈጭታ ይዛልኝ መጣች። ምን ይደረግ፣ ትወደኛለች።

እርምጃውማ ሌላ ጣጣ ነበር። በእኛ አገር በዕድሜ የገፋች ሴት ነጠላዋን አጣፍታ በማለዳ ፈጠን ፈጠን ካለች መርዶ ሰምታለች ማለት ነው። የመጀመሪያው ሰሞን ጎረቤቴ ከአጥሯ ብቅ ብላ፣ እጇን አናቷ ላይ ጭና «ኧረ ማን ሞተ?» ብላ ጮኸች። «ማንም አልሞተም፣ እኔ እንዳልሞት ነው!» ብያት አለፍኩ። የባጃጅ ልጆች ደግሞ አጠገቤ እያቆሙ «እናት፣ ግቢ፣ በነጻ ላድርስሽ» ይሉኛል። ለጤናዬ ብዬ በእግሬ እዞራለሁ ብል የሚያምነኝ አልተገኘም። ቢሆንም አልተውኩም፤ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። እየቆየ ለመዱኝ።

ከሁሉም የከበደችኝ እህቴ ናት። ስልክ ስትደውል «እንዴት አደርሽ» የሚባል ነገር አታውቅም፤ «በላሽ?» ነው የምትለው። በልቻለሁ ካልኩ «ምን በላሽ?» ትላለች። ጎመን ካልኩ አለቀ፣ ታዝናለች። ሰው ባገኘች ቁጥር ቅቤና ድንች ትልክልኛለች። «የሚገድለው የከተማ ዘይት ነው እንጂ የላም ቅቤ ማንን ገድሎ ያውቃል?» ትላለች። እኔም ቅቤውን ለጎረቤት እየሰጠሁ ዝም እላለሁ፤ በስልክ ተከራክሬ የማሸንፋት ሴት አይደለችም።

ከዚያ የልጅ ልጇ ክርስትና ደረሰ። ቀርቼ ከቤተሰብ ልጣላ? ሄጄ ከድግስ ምግብ ጋር ልታገል? ምግብ መዝለልም አልችልም፣ የምወስደው መድኃኒት አለ። አሰብኩ፣ አሰብኩና ጎመንና ምስሬን ከአንዲት ቁራጭ እንጀራ ጋር በምሳ ዕቃ ቋጥሬ በሚኒባስ ሮብ ገበያ ሄድኩ። የዘየድኩ መስሎኝ ነበር።

ድንኳኑ ሞልቷል። እህቴ ገና እንዳየችኝ እየሳቀች መጣች። ዶሮ ወጡን በእንጀራ ጠቅልላ፣ ቅቤው በክንዷ እየወረደ «እንቺ፣ በሞቴ!» አለችኝ። «እትዬ፣ ይቅርብኝ፣ የራሴን ይዤ መጥቻለሁ» አልኩና ምሳ ዕቃዬን ከፈትኩ።

ሰው ሁሉ ዞሮ ምሳ ዕቃዬን አየ። ያኔ ነው የሠራሁት የገባኝ። በሰው ድግስ ላይ የራሱን ምግብ የሚያወጣ ሰው እኛ ዘንድ ወይ ተቀይሟል፣ ወይ ደግሞ ደጋሿ ምግቡ ውስጥ አንድ ነገር ጨምራብኛለች ብሎ ጠርጥሯል። ሌላ ትርጉም የለውም። እኔ ስለ ስኳሬ ብቻ ሳስብ፣ እህቴን በጎረቤቶቿ ፊት መርዘኛ አደረግኋት። ጉርሻዋን እንደያዘች ወደ ጓዳ ተመለሰች፤ እስክሄድም አልወጣችም።

ከዚያ በኋላ «በላሽ?» የሚለው ስልክ ቀረ። ብደውል አታነሳም። እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ከዕለታት በአንዱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በሬ ተንኳኳ። ብከፍት የቤተሰባችን የንስሐ አባትና ሁለት የሮብ ገበያ ሽማግሌዎች ቆመዋል። ከኋላቸው እህቴ፣ አገልግል ይዛ፣ ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ።

ከገቡና ከተቀመጡ በኋላ አባ ጀመሩ። «ልጄ፣ እህትሽ ምን እንደበደለችሽ አታውቅም። አውቃም ይሁን ሳታውቅ አጥፍታ እንደሆነ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በያት።» ይህን ሲሉ እህቴ ተነሥታ ወደ እግሬ አጎነበሰች። ታላቄ! አዝላ ያሳደገችኝ!

«ኧረ በማርያም፣ እትዬ! ምን ሆነሻል?» ብዬ ዘልዬ አቀፍኳት። «እኔ አንቺን ተቀይሜ አላውቅም።»

«ተመስገን» አሉ አንደኛው ሽማግሌ፣ «እንግዲያው እርቁን አብራችሁ ቅመሱ» ብለው አገልግሉን ከፈቱ። ያው ዶሮ ወጥ ነው፣ ቅቤው ከላይ ተንሳፍፏል። ሁሉም እኔን ያያሉ። እምቢ ካልኩ እርቁ ፈረሰ፣ እህቴንም አጣኋት። እሺ ካልኩስ? ዛሬ በሽማግሌ ፊት እሺ ያልኩትን ነገ በየት በኩል ነው እምቢ የምለው? ቅቤው በየወሩ ይመጣል፣ ጉርሻው በየበዓሉ ይመጣል፣ እኔም አንድ ቀን መርፌዬን በዳሰሳ እፈልጋለሁ።

«አባ፣ ይፍቱኝ፣ አልበላም» አልኩ። «ንቄ አይደለም፣ ጠርጥሬም አይደለም። ዐይኔ ሊጠፋ ነው። ሐኪሙ እንደዚያ ነው ያለኝ። ከታወርኩ ማን ያበላኛል? ፈርቻለሁ፣ በጣም ፈርቻለሁ።»

እህቴ ቀና አለች። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ተቆጣች። «ዐይኔ ብለሽ አትነግሪኝም ነበር? ስኳር ስኳር ትያለሽ፣ ስኳርማ ማን የሌለበት አለ! እናታችን ስትሞት አንቺ አዲስ አበባ ስፌት ትማሪ ነበር፣ አላየሽም። እኔ ነኝ ያየሁት። መጀመሪያ ቅቤው ከበደኝ አለች። ቀጥላ ወጡን ተወች፣ ከዚያ እንጀራውን። በመጨረሻ ሾርባ በማንኪያ ይዤ ስለምናት ‹በቃኝ› አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣትም። አንቺ ያን የተረገመ ምሳ ዕቃ ስትከፍቺ እኔ የታየኝ የሷ አልጋ ነው።»

ይህን ሁሉ ዘመን አላውቅም ነበር። ቅቤው፣ ድንቹ፣ ያ ሁሉ «በላሽ?» ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ተቃቅፈን አለቀስን። ሐሳቤን ግን አልለወጥኩም። ዐይኔን ጠርጌ ወደ ማድ ቤት ገባሁና የራሴን ጎመንና ምስር በትሪ አቅርቤ ፊቷ አስቀመጥኩት።

«እርቁን የምቀምሰው ከዚህ ነው። በእጅሽ አጉርሺኝ» አልኳት።

አባ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ባረኩት። እህቴ ግን በጣቷ ጫፍ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። «ይኼ ምግብ ነው? ጨው እንኳ የለውም እኮ!» ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። እንደ ልማዷ አግዝፋ ጠቀለለችና ዘረጋችልኝ፤ አፌን ከፍቼ ጎረስኩ። ሁለተኛውንም ጎረስኩ። ልክ የዶሮ ወጥ እንደምታጎርሰኝ ጠጋ ብላ፣ መዳፏን ከአገጬ በታች ዘርግታ ሦስተኛውን ጠቀለለች።

ጠግቤ ነበር። «በቃኝ» አልኳት።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው እኔም የደነገጥኩት። እጇ አየር ላይ ቆመ። እህቴ ፊቴን አየችኝ፣ ዐይኖቼን ቆይታ አየቻቸው። ከዚያ ጉርሻውን ወደ ራሷ አፍ መልሳ፣ እያኘከች፣ «እሺ» አለችኝ።