በርካሹ ዕቃ የቀዳሁት የአባቴ ድምፅ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ፍልሰታ ሊገባ ባለበት ሰሞን ነው። አባቴን ባየሁ ቁጥር ዛሬም ያንገበግበኛል።

አባቴ ቁስቋም አካባቢ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ናቸው። ጉሮሯቸው ላይ እብጠት ወጣና ቀዶ ጥገና ታዘዘላቸው። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ «ድምፃቸው ላይመለስ ይችላል» አለኝ። እኔ ቤት ውስጥ በስልኬ መዝሙር የምቀዳ ሰው ነኝ። ሆስፒታል ሳይገቡ ዜማቸውን በደንብ ቀድቼ ለማስቀረት ቆረጥኩ።

ማይክ ከጓደኛዬ ተዋስኩ። የቀረኝ ማይኩን ከላፕቶፕ የሚያገናኘው ኦዲዮ ኢንተርፌስ ነበር። ፒያሳ ያለ ባለሱቅ ሁለት ዓይነት አሳየኝ። «ይሄኛው ድምፅ ሲበዛበት ቀይ ያበራል፤ ያኛው አያበራም። ሌላው ያው ነው» አለኝ። ለአንዲት መብራት ብዬማ ገንዘብ አልጨምርም አልኩና ርካሹን ይዤ ወጣሁ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ቆሙ። ላፕቶፑ ማራገቢያው ስለሚጮህ ጓዳ አስቀመጥኩት፤ ኢንተርፌሱ ብቻ አጠገቤ ቀረ። የድምፁን መጠን ላስተካክል ብዬ፣ «አባባ፣ እስቲ ትንሽ ያዚሙልኝ» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ፣ ዜማ ለሙከራ ይባላል?» አሉኝ።

ስለዚህ በንግግራቸው ለካሁት። የጆሮ ማዳመጫ ነበረኝ፤ ግን አባቴ እያዜሙ ጆሮዬን ደፍኜ መቀመጥ ነውር መሰለኝና ተውኩት።

ያንን ድምፅ በሕመም ላይ ሆነው ከየት እንዳመጡት አላውቅም። ከፍ ተደርጎ የሚዜመው አራራዩ ላይ ሲደርሱ እንባዬ መጣ። ሲጨርሱ፣ «ሸጋ ነው?» አሉኝ። «በጣም» አልኩ።

የቀዳሁትን የከፈትኩት ሰኞ ዕለት፣ እሳቸው ቀዶ ጥገና ክፍል ከገቡ በኋላ ነው። ዝቅ ያለው ቦታ ጥርት ብሏል። አራራዩ ግን ከዳር እስከ ዳር እንደ ተቀደደ ስፒከር ይንጣጣል። በንግግር የለካሁት መጠን ለዜማው በዝቶ ድምፁን ሰባብሮታል፤ ያቺ ቀይ መብራት ብትኖር ያኔውኑ ባየሁት ነበር። ብሞክር ብሞክር የሚስተካከል አልሆነም፤ የፈሰሰ ውሃ ሆነ።

አባቴ በሰላም ወጡ፤ አሁን ግን የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው። ቀረጻውን አሰሚኝ ባሉኝ ቁጥር ሰበብ ስፈጥር ቆየሁ። በቀደም ግን አላመለጥኩም። አራራዩ ላይ ሲደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲያልቅ፣ «ለካ ያኔውም ድምፄ ተሰብሮ ኖሯል። ተማሪዎቼ ምነው ሳይነግሩኝ?» አሉ።

ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነበረብኝ። ላፕቶፑን ዘግቼ ጓዳ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቻቸው ሊጠይቋቸው ሲመጡ፣ «በተሰበረ ድምፅ አስተምሬ ዜማችሁን አበላሽቼባችኋለሁ፤ ይቅር በሉኝ» ይሏቸዋል። ተማሪዎቹ ግራ ተጋብተው ወደ እኔ ያያሉ። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። ይህን ለማላውቃችሁ ለእናንተ ጻፍኩት፤ ለእሳቸው ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።