ለማንኛውም መኪና የሚሆን ዕቃ

የታናሽ እህቴ ባል ደካ በምትባል የገጠር ከተማ አስተማሪ ነበር። እህቴ ቦንጋ ከልጆቿ ጋር፣ እሱ ደካ ከጠመኔው ጋር። ዲግሪውን ከያዘ ወደ ቦንጋ ይዛወራል ተብሎ ክረምት በመጣ ቁጥር ይማራል። የቀረው የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ነበር። አማካሪው ከጅማ መጥቶ ቦንጋ የሚቀበለው ይህን በማወራበት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው፤ በእጅ የተጻፈ ደግሞ አያይም። ደካ መብራት ከጠፋ ሳምንት አልፎታል። የላፕቶፑ ባትሪ ሊያልቅ ምንም አልቀረው፤ ያልተተየበው አሥር ገጽ ነው።

እኔ ለባለሱቆች ዕቃ ላደርስ በአይሱዙ ደካ ሄጄ ነበር። «አትጨነቅ፣ መንገድ ላይ ትጨርሰዋለህ» አልኩት። ከዕቃዬ መሀል ኢንቨርተር አለ፤ ሲጋራ መለኮሻው ላይ ይሰካና የመኪናውን ባትሪ እንደ ቤት መብራት ያደርገዋል። ካርቶኑን ማንበብ የገዢ ሥራ ነው ብዬ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ «ለማንኛውም መኪና ይሆናል» እል ነበር። ሰው አንድ ወሬ ደጋግሞ ከሸጠ መጨረሻ ላይ ራሱም ይገዛዋል።

ሦስታችን ጋቢና ገብተን ተነሳን። ሾፌሩ የስንት ዓመት ወዳጄ ነው፤ ዕቃውን አየት አደረገና ዝም አለ። ሰካሁት። ጮኸ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፣ ከዚያ ጋቢናው ጢስ በጢስ ሆነ። ነቅዬ በመስኮት ወረወርኩት።

«ይቺ እኮ ባለ ሁለት ባትሪ ናት፣ ሃያ አራት ቮልት» አለ ሾፌሩ። «ያ የአሥራ ሁለት ነው፣ የትንሽ መኪና።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ሻጩ አንተ፤ እኔ ላስተምርህ?»

አማቼ በቀረችው ባትሪ መተየብ ጀመረ። አንድ ገጽ ተኩል እንደተየበ ላፕቶፑ ጠፋ። ክዳኑን ዘግቶ የመንገዱን ጭቃ ያይ ጀመር። እኔ ሾፌሩን ንዳው እለዋለሁ፤ እሱ ለጭቃው ንገረው ይለኛል።

ቦንጋ የገባነው ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። የአማካሪው መኪና ሞተሩ ተነስቷል። አማቼ በእጅ የጻፈውን ዘረጋለት፤ ሰውዬው ሳይቆጣ ለሚመጣው ክረምት ተይቦ እንዲያመጣ ነገረው። እኔም ገባሁበት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ወስደን እናስተይባለን፣ አንድ ሰዓት ብቻ ይጠብቁን አልኩ። ጅማም የሚጠብቁት ተማሪዎች እንዳሉ በትሕትና አስረድቶኝ መስኮቱን ዘጋ። ሄድኩ ያለ ሰው እንዴት እንደሚመለስ አውቃለሁ፤ እጁን ይዘህ ከዋጋው ትንሽ ትቀንሳለህ። የዚያን ቀን የምቀንሰው አልነበረኝም።

ወደ እህቴ ቤት በእግራችን ወጣን። ምሳ ሠርታ እየጠበቀችን ነው። አጥሩ ጋ ስንደርስ አማቼ ቆመ።

«ጋሼ፣ አንተ ንገራት» አለኝ። «አንተ አፍ አለህ።»

በሩን ገፋ አደረግኩት። ስንቱን ገበያተኛ ያስገዛሁበትን አፍ ይዤ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። እህቴ ድምፃችንን ሰምታ ኖሮ ከውስጥ «ግቡ እንጂ፣ ምን ያቆማችኋል?» አለች።