ጠርዙን የቆረጥኩት ድሪቶ

ማንበብም መስፋትም ያስተማረኝ ሰው የለም። ፊደሉን ከወንጌል ገጽ፣ ስፌቱን አሮጌ ኮት እየፈታሁ ለመድኩ። ስለዚህም ለጠማማ ሥራ ትዕግሥት አልነበረኝም።

ትልቋ ልጄ ቁርጥራጭ ጨርቅ መገጣጠምን ከሚሲዮን ሴቶች ተማረች። እነሱ ያሳዩዋት ብርድ ልብስ ነው፤ እሷ ግን ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ጨርቅ ላይ የእንሰት ቅጠል፣ የጎጆ ጉልላት፣ የሚዘንብ ሰማይ ትሰፋ ጀመር። የማያሞቅ ጨርቅ ከንቱ ነው እላት ነበር። በሶዶ ገበያ አጠገቤ የሚሰፋው ሰውዬም “ልብስ ሰፊው ልጁን ድሪቶ አስጀመራት” እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

ሳምባዋን ታማ ኦቶና ሆስፒታል ስትተኛ እንዲህ የሰፋቻቸው፣ ገና ያልተገጣጠሙ ዘጠኝ ቁራጮች ቤት ቀርተው ነበር። “አልጋዬ ላይ ሆኜ ልጨርሳቸው፣ አምጣልኝ” ብላ ለመነችኝ። ሐኪሙ እንደማትተርፍ ነግሮኝ ነበር፤ እጇም መርፌ የሚችል አልመሰለኝም። ራሴ ልጨርስላት ወሰንኩ።

እኛ ልብስ ሰፊዎች ጠርዙ ያልተከረከመ ጨርቅ ስፌት መኪና ሥር አናስገባም። ዘጠኙንም በማስመሪያ እኩል አድርጌ ከረከምኩ፣ ገጣጠምኩ፣ ጀርባውን ነጭ አቡጀዲ አለበስኩ። ከጠርዙ የተቆረጠውን ብጥስጣሽ እንደ ልማዳችን የአህያ ጭነት መደላድል ለሚሞላበት ነጋዴ ሰጠሁት፤ እሱም ይዞት ወደ ቆላው ወደ ሁምቦ ወረደ።

ሥራዬን ሆስፒታል ወስጄ አልጋዋ ላይ ዘረጋሁላት። ስፌቱን በጣቷ እየተከተለች ብዙ ቆየች።

“ጥሩ ብርድ ልብስ ነው አባባ። ዝናቡስ?”

ዝናቡ ጠርዝ ላይ ነበር። የቅጠሎቹም ጫፍ እንዲሁ። ጠማማ ነው ብዬ የቆረጥኩት፣ ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው እንዲሻገር ብላ የሰፋችውን ነው።

የተቆረጠውን ባመጣላት መልሳ እንደምትቀጥለው ነገረችኝ። ሁምቦ ሄዶ ለመመለስ አንድ ቀን ይበቃል። ለብጥስጣሽ ጨርቅ ቆላ የሚወርድ አባት አይቼ አላውቅም ብዬ ተቆጣኋት። እውነቱ ግን ነጋዴው ፊት ቆሜ ተሳስቻለሁ ለማለት አፍሬ ነው። ትዕቢት ኃጢአት መሆኑን ለልጆቼ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ።

ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። በማግስቱ ስመጣ ድሪቶውን ገልብጣ፣ ነጩን አቡጀዲ ወደ ላይ አድርጋ ለብሳው አገኘኋት። እስክትሞት ድረስ እንደዚያው ነበር። ሲበርዳት እስከ አገጯ እስብላት ነበር፤ በገጹ ልመልሰው ግን አንድ ቀንም አልደፈርኩም።